ኳሷ እስክትወረወር ያወራነው

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረን የቤተሰብ ቀን ላይ ስለ ቤዝቦል ትዝታችን ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልመጡ ወዳጆች ደጋግመው ስለጠየቁኝ ከድምፅ ቅጂው ላይ ገልብጬ አቀረብኩት። ጥቂት ድግግሞሽ ቆርጫለሁ። ሌላው እንዳለ ነው።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? አልሰማሁም... እንደምን ዋላችሁ? እሰይ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ምግቡ እየጠበቀን እንደሆነ አውቃለሁ። ሽታው እዚህ ድረስ ደርሷል። ቢሆንም ትንሽ ታገሡኝ።

አዘጋጆቹ "ስለ ትዝታ ንገረን" ሲሉኝ ስለ አገር ቤት የማወራ መስሏቸው ነበር። ስለ ሰፈር፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጥምቀት። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየሠርጉም በየለቅሶውም እናነሣዋለን። ዛሬ የማወራው ግን እዚሁ ስላፈራነው ትዝታ ነው። ስለ ቤዝቦል ነው የማወራው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከመሃላችሁ ቤዝቦል ስታዲየም ገብቶ ጨዋታ ያየ እጁን ያውጣ። ጥሩ፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው። እሺ፣ በታክሲም በኡበርም ይሁን ተመልካች ወደ ስታዲየም ያደረሰስ? አያችሁ! ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ። ስታዲየም ውስጥ ተቀጥሮ የሠራስ አለ? እማማ፣ እርስዎም? እዚህ ፊት ወንበር ላይ ያሉት እናታችን እጃቸውን አውጥተዋል። ይቆዩኝ፣ እመለስብዎታለሁ።

እንግዲህ "ቤዝቦል የኛ አይደለም" የሚል ሰው ካለ ይህን እጅ ይቁጠር።

ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛው ስለ አንድ ቦታ ነው። ሁለተኛው ስለ አንዲት ኳስ። ሦስተኛው ስለ እናቴ። ዓመቶቹን የምጠራው ልጆቹ እንዲከተሉኝ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከቦታው ልጀምር።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማያውቅ አለ? የለም። ከናይንዝ ስትሪት ምግብ ቤቶቻችን በእግር ይደረሳል። ብዙዎቻችሁ እዚያ ወልዳችኋል። የኔም ልጅ በ1997 የተወለደው እዚያ ነው። ያኔ ስለ ቦታው የማውቀው ሆስፒታል መሆኑን ብቻ ነበር።

በ1998 ታክሲ መንዳት ጀመርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን ወደዚያ ሆስፒታል ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ዲሲ ተወልደው ዲሲ ያረጁ። በአማርኛ ቢሆን "አባባ" ነበር የምላቸው፣ በእንግሊዝኛ ግን "ሰር" ነው የምላቸው። አንድ ቀን ልጄ እዚያ እንደተወለደ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ልጅህ የተወለደው እኮ ሜዳው ላይ ነው" አሉኝ።

የምን ሜዳ? አልኩ።

ግሪፊዝ ስታዲየም። ሆስፒታሉ በ1975 ከመከፈቱ በፊት፣ ቦታው ላይ እስከ 1965 ድረስ ቤዝቦል ስታዲየም ነበር። የዋሽንግተን ቡድን ሴናተርስ በ1924 የወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የቤዝቦሉን የፍጻሜ ፍልሚያ፣ ዋንጫ የወሰደው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ሰባተኛው ጨዋታ፣ አሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ፣ ዙር ማለት ነው፤ ኳሷ መሬት ላይ ጠጠር ነክታ በተከላካዩ አናት ላይ ነጠረች፤ በዚያ አሸነፉ። በጠጠር! ከዚያ በኋላ ይህቺ ከተማ የቤዝቦል ዋንጫ ለማየት 95 ዓመት ጠበቀች።

የአዛውንቱ ትዝታ ግን ሴናተርስ አልነበረም። የእርሳቸው ትዝታ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን ነው። በ1940ዎቹ ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዲጫወቱ አይፈቀድም ነበር። የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። ግሬይስ ስታዲየሙን ከነጮቹ ቡድን እየተከራየ ይጫወት ነበር። እሑድ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ይመጣል። የክት ልብሱን እንደለበሰ። ሴቶቹ ባርኔጣ፣ ወንዶቹ ከረባት። "አባቴ ጫማዬን ሦስት ጊዜ ይጠርግልኝ ነበር" ይሉኛል። "ከቤት ስንወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ስታዲየሙ በር ላይ።"

ይህን ስሰማ ማን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? አባቴ። ከቅዳሴ መልስ እጄን ይዞ ዘመድ ቤት ሲወስደኝ። ነጭ ልብሱ፣ ጫማው። ፈጽሞ ሌላ አገር፣ ፈጽሞ ሌላ ሕዝብ፤ ግን ያው አባት፣ ያው የተጠረገ ጫማ።

የግሬይስ ትልቁ ተጫዋች ጆሽ ጊብሰን ይባላል። አዛውንቱ ስለ እርሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። "የሱን ምት በጆሮህ ታውቀዋለህ" ይሉኛል። "ዓይንህን ጨፍነህ እሱ መሆኑን ታውቃለህ።" ጊብሰን በጥር 1947 ሞተ፤ 35 ዓመቱ ነበር። ሦስት ወር አልሞላም፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ተሰልፎ የዘር ግንቡን አፈረሰ። ጊብሰን ያን ቀን አላየም። ስታዲየሙን የሚያከራየው ሴናተርስ ራሱ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1954 ነው፤ ካርሎስ ፓውላ የሚባል ኩባዊ። አስቡት። በሜዳህ ላይ ጊብሰንን እያየህ፣ ኪራይ እየተቀበልክ፣ አለማሰለፍ!

አዛውንቱ በየጉዟችን አንድ ነገር ይደግሙልኝ ነበር። "ከሁሉም ይበልጥ ነበር። መዝገቡ ላይ የለም እንጂ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።" እኔም "እሺ ሰር" እላለሁ። እውነት ለመናገር፣ የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ ነበር። ልጅ ሆነው ያዩት ሁሌ ይበልጣል ብዬ።

ግንቦት 2024 ላይ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስሰማ ዜናው መጣ። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የጥቁሮቹን ሊጎች ውጤት ወደ ዋናው መዝገብ አስገባ። በዕድሜ ልክ የመምታት አማካይ ከሁሉም በላይ ማን ወጣ? ጆሽ ጊብሰን። 0.372፤ ከሺህ ሙከራ 372ቱ ተሳክቶለታል ማለት ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት አንደኛ የነበረው ታይ ኮብ በ0.367 ሁለተኛ ሆነ። ጊብሰን ከሞተ 77 ዓመት ሆኖታል። አዛውንቱም ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። መኪናዬን ዳር አቆምኩ። ማንን ልደውልለት? የሚደወልለት ሰው የለም። ተነሥቼ ጆርጂያ አቬኑ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ የሆም ፕሌቱ፣ መቺው የሚቆምበት ቦታ፣ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሂዱና እዩት። እዚያ ቆሜ "እውነትዎን ነበር ሰር" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አንዲት ነርስ ዞር ብላ አየችኝ።

እሺ። ወደ ኳሷ ልሂድ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የፓርኪንግ ሰዎች እንዳትቀየሙኝ።

እኔ በ1991 ስመጣ በዋሽንግተን ቤዝቦል አልነበረም። ሴናተርስ ሁለት ጊዜ ከተማዋን ጥሎ ሄዷል። መጀመሪያ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ፣ በስሙ የተተካው ቡድን ደግሞ ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው የባልቲሞር ደጋፊ ነበር። እኔና ጓደኞቼ ኬ ስትሪት አካባቢ ምድር ቤት ፓርኪንግ እንሠራ ነበር። ትንሽ ሬዲዮ አለችን፤ አንቴናዋን በሽቦ አስረን ወደ መግቢያው እናወጣታለን። መስከረም 6 ቀን 1995 ማታ ያችን ሬዲዮ ከበን ቆመናል። የባልቲሞሩ ካል ሪፕከን ያን ማታ 2,131ኛ ተከታታይ ጨዋታውን ተጫወተ። ከ1982 ጀምሮ አንድ ቀን ሳይቀር! የሉ ጌሪግ ክብረ ወሰን 2,130 ነበር። በአምስተኛው ኢኒንግ መሃል ሰው ተነሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ፤ 22 ደቂቃ አላቆመም። ሪፕከን ሜዳውን እየዞረ የተመልካቹን እጅ ይጨብጥ ነበር።

ያን ጊዜ ስለ ቤዝቦል ምን እናውቃለን? ምንም። ግን አንድ ነገር ገብቶናል። ይህ ሰው ከሥራ አልቀረም። እኛ ማን ነን? በሁለት ሺፍት፣ በትኩሳት፣ በበረዶ ከሥራ የማንቀር ሰዎች። አንዱ ጓደኛችን "የኛ ሰው ነው" አለ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሪፕከን የኛ ሰው ሆነ። ቤዝቦልን የወደድኩት እዚያ ምድር ቤት ነው። አየር በሌለበት፣ የመኪና ጭስ እየሸተተኝ።

በዚያው ፓርኪንግ መኪናውን የሚያቆም አንድ የሕግ ባለሙያ ነበር። መኪናው የኋላ መስኮት ላይ የድሮ የሴናተርስ ኮፍያ ያስቀምጣል። እኔ መኪናውን ሳወጣ ኮፍያው እንዳይወድቅ እጠነቀቃለሁ። አንድ ቀን ይህን አይቶ ታሪኩን ነገረኝ።

መስከረም 30 ቀን 1971። በአርኤፍኬ ስታዲየም የሴናተርስ የመጨረሻ ጨዋታ። ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር። ቡድኑ ወደ ቴክሳስ እንደሚሄድ ሁሉም አውቋል። ዋሽንግተን 7 ለ 5 ይመራል። ዘጠነኛው ኢኒንግ ነው፤ አንድ መቺ ብቻ ከጨዋታ ቢያስወጡ ጨዋታው ያልቃል። አንድ ሰው! ሕዝቡ ግን አልቻለም። አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው። ሣሩን ነቀለ፣ ከመሬት የሚነሣውን ሁሉ ወሰደ። ዳኞቹ ጨዋታውን አቁመው ድሉን ለያንኪስ ሰጡ።

ሕግ አዋቂው ያኔ ጎረምሳ ነበር። ከወንድሙ ጋር ዘሎ ገባ። ሁለቱም ሣር ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። እናታቸው በማግሥቱ ኮቱን ስታጥብ ሣሩን ቆሻሻ ብላ ጣለችው። "ወንድሜ እስከ ዛሬ ይናደዳል" አለኝ። "ስለ ቡድኑ መሄድ ሳይሆን ስለ ሣሩ።"

አሁን ኳሷ። ያን ማታ ሕዝቡ ሲገባ ኳስ ወርዋሪው ጆ ግርዘንዳ ይባላል። ኳሷ እጁ ላይ ነበረች። ይዟት ሮጦ ወጣ። ቤቱ ወስዶ አስቀመጣት። አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት አይደለም፣ 33 ዓመት! በ2005 የሞንትሪያሉ ቡድን ወደ ዋሽንግተን መጥቶ ናሽናልስ ተባለ። ሚያዝያ 14 ቀን 2005 የመጀመሪያው የሜዳ ጨዋታ፣ እዚያው አርኤፍኬ። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ የመክፈቻዋን ኳስ ሊወረውሩ ሜዳ ሲገቡ ግርዘንዳ ያችን ኳስ አምጥቶ ሰጣቸው። ያቺው ኳስ። ያኔ ሳትወረወር የቀረችው።

እኔ ይህን በቴሌቪዥን አየሁ፤ ከዚያ ለልጄ "እንሄዳለን" አልኩት። ስምንት ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለመናገር የመጣሁት ስለዚህ ነውና።

ያን በጋ ከላይ ያለውን ርካሹን ወንበር ገዝቼ ልጄን ወሰድኩት። ከማን ጋር እንደተጫወቱ አላስታውስም። ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም። ናሽናልስ በዚያ ዓመት 81 አሸንፎ 81 ተሸነፈ፤ ስለዚህ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የማስታውሰው ሰናፍጩን ነው። ሆት ዶጉ ላይ ያደረገው ሰናፍጭ ሸሚዙ ላይ ፈሶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጥያቄውን አስታውሳለሁ።

በአገራችን ኳስ ሜዳ ስንገባ አናወራም። እንጮኻለን። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ አጠገብህ ያለው ሰው ስለ ቤተሰቡ ሊያጫውትህ ይችላል? አይችልም። ቤዝቦል ግን ቀስ ይላል። ወርዋሪው ኳሷን ያሻሻል። ኮፍያውን ያስተካክላል። ያያል። ያስባል። አንዳንዱ ሰው "ይህ ምን ጨዋታ ነው፣ ያስተኛል" ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም። በዚያ ክፍተት ውስጥ ሰው ያወራል። ሁለታችሁም ወደ ሜዳው ነው የምታዩት። ዓይን ለዓይን አትተያዩም። ስለዚህ ፊት ለፊት የማይወጣ ነገር ይወጣል።

ልጄ ሰናፍጩን እየጠረገ "አባዬ፣ ያንተ አባት ኳስ ይወስድህ ነበር?" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ድረስ ስለ አባቴ ለልጄ አንድም ቃል ተናግሬ አላውቅም። አባቴ አዲስ አበባ ያረፈው እኔ ወረቀቴ ሳያልቅ ነው። ብወጣ መመለስ አልችልም ነበር። አልቀበርኩትም። እዚህ ከመሃላችሁ ይህን የምታውቁት ብዙ ናችሁ፤ ቁና ቁና የሚያስተነፍስ ነገር ነው። መርዶውን የሰማሁት ፓርኪንጉ ውስጥ በስልክ ነው፤ ሺፍቴን ጨርሼ ነው የወጣሁት። ይህን ለሕፃን እንዴት ትነግረዋለህ? እራት ላይ አይነገርም። መኪና ውስጥ አይነገርም። እዚያ ግን፣ አንዱ ወርዋሪ ኮፍያውን ሲያስተካክል፣ ነገርኩት። ኳስ እንደማይወስደኝ፣ ግን ከቅዳሴ መልስ እጄን ይዞ እንደሚሄድ። ጫማውን። ሳቁን። እንዳልቀበርኩት። ሁሉንም። ሦስት ኢኒንግ ፈጀብኝ።

ልጄ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሣ ሰማኝ። ሲያበቃ "እሺ" አለ። ከዚያ እጄን ያዘ። ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እጅ መያዝ ትቶ ነበር እኮ።

በ2023 ወርዋሪው ላይ ሰዓት ተደረገ። ቤዝ፣ ማለትም ማረፊያ ላይ የደረሰ ሯጭ ከሌለ 15 ሰኮንድ፣ ካለ ያኔ 20 ነበር። ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር አማካዩ ጨዋታ በ24 ደቂቃ አጠረ፤ ከ3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ40። ወጣቶቹ ወደዱት፤ እረዳቸዋለሁ። በማግሥቱ ሥራ አለ፣ ትምህርት አለ። እኔን ግን ያሳዝነኛል። በ24 ደቂቃ ውስጥ ስንት ነገር ይነገራል!

ሦስተኛው እናቴ ናት።

እናቴ በ2012 መጣች። ጉልበቷ አይሄድም፣ እንግሊዝኛ የለም። ቀኑ ይረዝምባታል። ማታ ማታ ከልጄ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች። መጀመሪያ ቀን ዱላና ኳስ ስታይ "ይሄማ ገና ነው!" አለች። ልጅ ሆና ወንድሞቿ በገና በዓል ሩሯን በዱላ ሲመቱ ታይ ነበር። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብላ ለልጄ ተረተችለት። እርሱም ተጫዋች ከዳኛ ጋር ሲጨቃጨቅ በደረቅ አማርኛው ያንን ይላል። ቤታችን ውስጥ የዳኛ ሕግ ሆኖ ቀረ።

ውጤት አትጠይቅም ነበር። ሯጭ ቤዞቹን ዞሮ ሆም ሲደርስ ነጥብ ይቆጠራል፤ ልጄ ይህን "ቤቱ ገባ" ብሎ ተርጉሞላታል። ስለዚህ ከወጥ ቤት ሆና "ስንት ሰው ቤቱ ገባ?" ትለናለች። ሦስት ሰው ቤቱ ከገባ ደስ ይላታል። አንድ ሰው ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ሲቀር "ምስኪን፣ ደጃፉ ላይ" ትላለች።

2019 መጣ። ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸነፈ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ሬዲዮውን ዘጋሁ። እናቴ ግን "ገና ነው" አለች። ጠብቆ የሚነገረውን ገና ሳይሆን ላልቶ የሚነገረውን። ልጄ ልዩነቱ አልገባውም። የበዓሉ ጨዋታ መስሎት "አዎ እማማ፣ ገና ነው" ይላታል። እርሷ ላልታ፣ እርሱ አጥብቆ፤ በጋውን ሙሉ "ገና ነው" ሲባባሉ ከረሙ።

ጥቅምት 1 ቀን፣ ከሚልዋኪ ጋር። ከተሸነፉ ዓመቱ አለቀ። 3 ለ 1 እየተመሩ ስምንተኛው ኢኒንግ ገባ። ሁዋን ሶቶ፣ የ20 ዓመት ልጅ፣ መታ። ኳሷ በተከላካዩ ጓንት በኩል አለፈች። "ስንት ሰው ቤቱ ገባ?" "ሦስት፣ እማማ! ሦስት!" እልልታዋ ጎረቤት አስነሣ። ሶቶን ከዚያ በኋላ "ያ ልጅ" ነው የምትለው፤ ባት ይዞ ሲቆም "እደግ፣ ተመንደግ" ትለዋለች።

ከዚያ ሎስ አንጀለስ፣ ከዚያ ሴንት ልዊስ፣ ከዚያ ወርልድ ሲሪስ ከሂዩስተን ጋር። የሚገርም ነገር ልንገራችሁ፤ በሰባቱም ጨዋታ ባለሜዳው ተሸነፈ። ሁሉም ያሸነፈው በሰው አገር ነው። ስለዚህ የዋሽንግተን ሰው ዋንጫውን በሜዳው አላየም። ጥቅምት 30 ሰባተኛው ጨዋታ ሂዩስተን ሲካሄድ ልጄ እዚህ ናሽናልስ ፓርክ ሄዶ በትልቁ ስክሪን ሊያይ ወጣ። ዝናብ ነው። ሜዳው ባዶ ነው። ሺዎች ሰዎች ዝናብ ላይ ቆመው ባዶ ሜዳ ፊት ስክሪን ያያሉ።

እኔና እናቴ ቤት ነን። መቁጠሪያዋን ይዛለች። 2 ለ 0 እየተመራን ሰባተኛው ኢኒንግ ደረሰ። አንቶኒ ሬንዶን ሆምረን፣ ኳሷን ከአጥር በላይ የሚያወጣውን ምት፣ መታ። ብዙም ሳይቆይ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ መታ፤ ኳሷ የቀኙን ምሰሶ ገጭታ ገባች። መምራት ጀመርን። 6 ለ 2 አለቀ። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ቆሜ ነበር። ስልኬ ጠራ። ልጄ ነው፤ ከጀርባው የሰው ጩኸት። "እማማን ስጠኝ!" አለ። ሰጠሁት። ከ95 ዓመት በኋላ የመጣ ዋንጫ ነው። እናቴ ምን አለችው?

"በረደህ? ኮት ለብሰሃል?"

ልጄ ስለዚያ ማታ ሲጠየቅ የኬንድሪክን ምት አይደለም የሚናገረው። ይህችን ነው።

ኅዳር 2 የድል ሰልፉ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ወሰድናት፣ ኮንስቲትዩሽን አቬኑ። ነጠላዋን ለብሳ በላዩ ቀዩን ኮፍያ አደረገች፤ ያንን የተጠማዘዘ ደብሊው ያለበትን። የማናውቃት ሴት መጥታ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። እናቴ በአማርኛ መረቀቻት። ሴትየዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆመች።

በሚቀጥለው ዓመት በኮሮና የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 23 ቀን 2020 ናሽናልስ የሻምፒዮንነቱን ዘመን ሲጀምር ስታዲየሙ ውስጥ አንድም ተመልካች አልነበረም። ቤታችንም አንድ ወንበር ባዶ ነበር። እናቴ ያን ፀደይ አርፋለች። አሥር ሆነን ቀበርናት። እርሷን ግን ቆሜ ቀበርኳት። ያን ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ናሽናልስ አንድ ሩጫ አስገቡ። ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብዬ "አንድ ሰው ገባ" አልኩ። ልጄ ከጓዳ "ገና ነው" አለኝ። ያኔ ላልቶ ነው ያለው። ገብቶታል ማለት ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጀርባችሁ ላይ ባለው ጠረጴዛ ልጆቹ ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ምግብ ከመነሣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀመጡላቸው። የምታስታውሱትን ንገሯቸው፤ ይቀዱታል። ታክሲ ውስጥ የሰማችሁትን። ስታዲየም በር ላይ ቆማችሁ ያያችሁትን። ኦቾሎኒ የሸጣችሁበትን፣ ወንበር የጠረጋችሁበትን። ውጤቱን ማስታወስ አያስፈልግም። ማን አጠገባችሁ እንደነበረ ይበቃል። ነጮቹ ሽማግሌዎች ያላቸው ትዝታ ተጽፏል። የጥቁሮቹ ወደ መዝገብ ለመግባት 77 ዓመት ፈጀ። የኛ ማን ይጻፈው? እኛ ካልነገርን ልጆቻችን ከየት ያመጡታል?

እማማ፣ እመለስብዎታለሁ ብዬ ነበር። ቅድም ሻይ ስንጠጣ በጆሮዬ የነገሩኝን እዚህ ይንገሩልኝ። አርኤፍኬ ስታዲየም ሆት ዶግ ሲሸጡ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ሰው ሁሉ እየዘለለ ወንበሩ ሲናወጥ ያንን። ስታዲየሙ የሚፈርስ መስሎዎት ለማን ደወሉ? አይነሡ፣ ይቀመጡ፤ ማይኩን እኔ አመጣልዎታለሁ።